የጉታ ጡሩምባ በምርጫ ሰሞን

ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈራችን ጉታን የማያውቅ የለም፤ ሲያየው ደስ የሚለው ግን አንድም ሰው አልነበረም። ጥፋቱ የሱ አይደለም። ቀን ቀን ዊንጌት አጠገብ ጎሚስታ ቤት ጎማ ይለጥፋል። ሰው ሲሞት ደግሞ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጎህ ሲቀድ ሦስት ጊዜ ነፍቶ፣ የሟችን ስምና የቀብሩን ሰዓት መጀመሪያ በአማርኛ ቀጥሎ በኦሮምኛ ሲለፍፍ ኖሯል። መዝጊያው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የቀረ ይቀጣል» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ቀን ቀን መንገድ ላይ ደህና ዋላችሁ ቢላችሁ እንኳን ልባችሁ ድንግጥ ይላል።

አንዴ አራስ ሊጠይቅ ሄዶ የሕፃኑ አያት በር ላይ አስቁመው ማን ሞተ ብለውታል። ገንፎውን በላ፣ ግን አልጣመውም። እኔ የእድሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ ከሱ ጋር ብዙ እውላለሁ፤ እሱ ይጠራል፣ እኔ ቀብሩ ላይ ከመዝገብ ስም እየጠራሁ የቀረውን እመዘግባለሁ። አንድ ቀን ብቻ ደስ የሚል ነገር ለፍፌ ብሞት ምን አለበት ይለኝ ነበር። እኔም እስቅበት ነበር።

ከዚያ ምርጫ መጣ።

እኛ ፕሬዚዳንት አንመርጥም። ፕሬዚዳንት የሚመርጡልንን ሰዎች እንመርጣለን፤ እነሱም አንዴ ከተመረጡ በኋላ እኛን በመጠየቅ አያስቸግሩንም። ፓርቲዎቹንም በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ፍትሕ፣ አንድነት፣ ሕዝብና ዴሞክራሲ የሚሉትን ቃላት ቦታ እያቀያየሩ ስለሚሰየሙ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ በምርጫ ምልክታቸው እንጠራቸዋለን። በኛ ሰፈር ሁለቱ ነበሩ ጉልበት ያላቸው፤ መሰላልና ማሰሮ። መሰላል ከፍ አደርጋችኋለሁ ይላል፤ ማሰሮ እሞላላችኋለሁ ይላል። ውሃ በሳምንት አንዴ ለምትመጣልን ለኛ ሁለቱም በየቀኑ ውሃ ቃል ገቡልን፤ ቃል የገቡበት ቀንም ውሃ አልነበረም።

እኔ ማሰሮ ነኝ። ባለቤቴ ሙሉእመቤት መሰላል ናት። እውነቱን ለመናገር እኔ ማሰሮን የደገፍኩት እሷ መሰላልን ስለደገፈች ነው፤ እሷም የኔኑ ምክንያት ነው የምትሰጠው። እድሩም እንደኛ ቤት ለሁለት ተከፈለ። ሊቀመንበራችን አቶ ኃይለ መለኮት የማሰሮ ሰው ሆኑ። የመሰላል አስተባባሪ ደግሞ እዚሁ ያደገው ኪብሮን ነው፤ ትናንት ኳስ ሲያባርር የነበረ፣ ዛሬ «ከስትራቴጂ አንጻር» ሳይል ዳቦ የማይገዛ። ወርሃዊ ስብሰባችን ላይ መሰላሎች በግራ፣ ማሰሮዎች በቀኝ መቀመጥ ጀመርን። መሐል የሚቀመጡት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እማማ ወለተማርያም።

እማማ ወለተማርያም ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ እየፈተሉ የኖሩ፣ ልጅም ዘመድም የሌላቸው የሰማንያ ሦስት ዓመት አዛውንት ናቸው። በአርባ ዓመት ውስጥ ከአንድም ቀብር ቀርተው አያውቁም። መዝገቡ ላይ ሰባተኛ ናቸው፤ ስማቸውን ጠርቼ ሳልጨርስ «አለሁ» ይላሉ። ለምን እንዲህ እንደሚተጉ ሁላችንም እናውቃለን። የሰው ቀብር የሚወጡት የሳቸው ቀን ሲደርስ ሰው እንዳይጠፋ ነው።

ኪብሮን ጉታን ጎሚስታ ቤት ድረስ ሄዶ አገኘው። ለቅዳሜው ሰልፍ ሰፈሩን የሚጠራልን ካንተ የተሻለ የለም አለው። ጉታ እጁን በጨርቅ ጠርጎ እንደገና ጠየቀው፤ ማንም ሳይሞት? ማንም ሳይሞት አለው። ክፍያ አልጠየቀም። እንዲያውም ሊከፍል ምንም አልቀረው።

ችግሩ ጉታ የሚያውቀው አንድ አጠራር ብቻ መሆኑ ነው። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሦስት ጊዜ ነፋ። ከዚያም በዚያው ሆድ በሚያባባ ድምፁ፣ እድርተኛ የሆንክ ሁሉ ስማ፣ የመሰላል ፓርቲ ዛሬ በሦስት ሰዓት ሜዳው ላይ ሰልፍ አለውና እንድትወጣ ካለ በኋላ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የለመደ ምላስ ነውና፣ «የቀረ ይቀጣል» ብሎ አሳረገ። ግማሹ ሰፈር የሰማው ጡሩምባውንና መዝጊያውን ብቻ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው፣ እያለቀሱ ወጡ። ሜዳው ጢም አለ። ተወዳዳሪው መድረክ ላይ ወጥቶ ያን ሁሉ እንባ ሲያይ የሕዝቡ ብሶት ነው ብሎ እሱም አለቀሰ።

በማግስቱ ማሰሮዎች «የቀረ ይቀጣል» መራጩን ማስፈራራት ነው ብለው አቤቱታ አስገቡ። በሦስተኛው ቀን አቶ ኃይለ መለኮት ራሳቸው ሄደው ጉታን ለማሰሮ እንዲለፍፍ ለመኑት፤ መዝጊያዋን እንዳይረሳም አደራ አሉት።

በዚያው ቀን እማማ ወለተማርያም ጉታን መንገድ ላይ አስቆሙት። የመጀመሪያው ጥሪ ላይ ከሁሉ ቀድመው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ሜዳ ድረስ ሄደው አስከሬኑ የት እንዳለ ሲጠይቁ የነበሩት እሳቸው ናቸው። አልተቆጡትም።

«ጉታ፣ እኔ ልጅ የለኝም» አሉት። «የኔ ቀን ሰው የምትጠራልኝ አንተ ነህ። ይቺን ጡሩምባ አታበላሽብኝ።»

ጉታ ጉልበታቸውን ስሞ እሺ አላቸው። እሺ ማለቱም ከልቡ ነበር። ግን ሐሙስ ማሰሮ ጠራው፣ እሑድ መሰላል። ልጆች በደስታ ይከተሉት ጀመር፤ ሱቅ ሲገባ ሰው እየሳቀ ለስላሳ ይጋብዘዋል። የሁለቱንም ፓርቲ ካናቴራ ደርቦ ይለብስና እንደ ቀኑ የላዩን የታች ያደርገዋል። በስድስት ሳምንት ዘጠኝ ጊዜ ነፋ። በነዚያ ሳምንታት ከእድርተኛው ማንም አልሞተም፤ ስለዚህ ምን እየተበላሸ እንደሆነ ማንም አላየም። ጡሩምባው ሲነፋ ሰው አልጋው ላይ ይገላበጥና ዛሬ የማን ተራ ነው ብሎ ይተኛል። እኔም እገላበጥ ነበር።

የምርጫው ቀን ደረሰ። የምርጫ ጣቢያው ሜዳው ላይ ነበር፤ ድንኳኑ የእድራችን፣ አግዳሚ ወንበሮቹ የእድራችን። ኮሮጆው የተቀመጠበት የእንጨት ሣጥን እንኳን የእድራችን ነው፤ ኩባያዎቹና የኔ መዝገብ ውስጡ ናቸው። አቶ ኃይለ መለኮት የማሰሮ ታዛቢ፣ ኪብሮን የመሰላል ታዛቢ ሆነው፣ ባጃቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ፊትና ጀርባ ተቀምጠዋል። እኔ ሌሊት ተነስቼ አራተኛ ተራ ይዣለሁ። አምስተኛዋ ሙሉእመቤት ናት፤ አንድ እርምጃ ብሳሳት ቦታዬን እንደምትወስድ ከፊቷ አነብ ነበር። ጣቢያው በአሥራ ሁለት ሰዓት ይከፈታል ተብሎ ነበር። ሁሉም ነገር ተሟልቷል፤ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ብቻ አልመጣም።

አንድ ሰዓት ሲሆን ጡሩምባው ተነፋ። ሦስት ጊዜ።

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ጉታ ከላይ ከዳገቱ እየነፋ ወረደ፤ ካናቴራ አልለበሰም። እማማ ወለተማርያም ዐርፈዋል፣ ቀብራቸው በሰባት ሰዓት ነው አለ፤ ግን ከሳቁ የተነሳ ከፊት ካለነው በቀር የሰማው የለም፤ የሰማነውም አላመንንም። ኪብሮን ብድግ ብሎ የቅስቀሳ ጊዜ ካለቀ አራት ቀን ሆኖታል፣ ይሄ ሰው ለማሰሮ እየቀሰቀሰ ነው አለ። አቶ ኃይለ መለኮትም ብድግ ብለው የለም፣ ለመሰላል ነው አሉ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ሁለቱ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ጉታ ጥፋተኛ መሆኑ ነው። የጣቢያው ጠባቂ ፖሊስ ጡሩምባዋን ተቀብሎ ፌስታል ውስጥ ከተታትና ወረቀት ለጠፈባት፤ የሕግ ጥሰት ማስረጃ ሆነች።

ጉታ ባዶ እጁን ቆመ። ከዚያ በሰልፉ ዳር እየሄደ በየሰዉ ጆሮ ይናገር ጀመር። እማማን እስከ ጣቢያው ደግፎ ሊያመጣቸው ቃል ገብቶ ስለነበር በጠዋት ሄዶ በሩን ከፍቶ ነው ያገኛቸው፤ ለምርጫው ለብሰው፣ ካርዳቸውን ይዘው፣ መደቡ ላይ ጋደም እንዳሉ። አንዱ በል እንግዲህ የየትኛው ፓርቲ ሆነው ሞቱ አለው። ሌላው ወረቀቱ ይምጣና እናያለን አለው። እኔ ጋ ሲደርስ ፊቱን አየሁት፤ እውነቱን መሆኑን ያኔ አወቅሁ። አውቄም አልተንቀሳቀስኩም። አራተኛ ነኛ።

«መዝገቡን አምጣና ስም ጥራ» አለኝ።

ድምፄን ልስጥና ወዲያው እመጣለሁ አልኩት። ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

«እናትህ የሞቱ ቀን እማማ ተራ ይዘው ነበር የመጡት?» አለኝ።

ከኋላዬ ሙሉእመቤት ሰማች። ቦታዬን አልወሰደችም። «ሂድ» ብቻ አለችኝ፤ ነጠላዋንም አውርዳ አዘቀዘቀች።

ወደ ሣጥኑ ሄድኩ። ኮሮጆውን አንስቼ መሬት ሳስቀምጥ ሁለቱም ታዛቢዎች በአንድ ድምፅ ተንጫጩ፤ ባዶ ኮሮጆ ነው፣ ምን እንደሚሰረቅበት እነሱ ያውቃሉ። መዝገቡን አወጣሁና ሰልፉ ፊት ቆሜ እንደ ልማዴ መጥራት ጀመርኩ። አንደኛውን ስጠራ አቤት አለ፤ ሰው በስሙ ሲጠራ፣ በዚያ ላይ በእድር መዝገብ ሲጠራ፣ አፉ ሳያስበው ይመልሳል። ሁለተኛው አለሁ አለ። እስከ ስድስተኛው ድረስ ሁሉም ነበሩ።

«ወለተማርያም» አልኩ።

መልስ የለም። ደግሜ ጠራሁ። ያን ሁሉ ዓመት ስጠራቸው ሁለተኛ አስጠርተውኝ አያውቁም። ሰልፉ ውስጥ ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ። ከመጨረሻው አካባቢ አንዲት ሴት እሪ አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የጣቢያው ኃላፊ በሪፖርታቸው «ከቁጥጥር ውጭ የሆነ ክስተት» ብለውታል። እኛ ደግሞ ድንኳናችንን ነቀልን፤ ለቅሶ ቤቱ ያለ ድንኳን አይሆንም። ወንበሮቹን ወሰድን፣ ሣጥኑን ወሰድን። አቶ ኃይለ መለኮት ባጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና የምሰሶውን አንድ ጫፍ አነሱ፤ ሌላውን ጫፍ የያዘው ኪብሮን ነበር፤ እስከ እማማ በር ድረስ ማዶ ለማዶ እያዩ ተሸከሙት። ወረቀቱ አምስት ሰዓት ላይ በፖሊስ ታጅቦ ሲመጣ ያገኘው ፀሐይ ላይ የተቀመጡ አምስት ሠራተኞችንና አንድ ኮሮጆ ነው።

ቀብሩ ላይ ደብሩ ግቢ መቆሚያ ጠፋ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ስም ጠራሁ፤ የቀሩት ዘጠኝ ናቸው፣ ከዘጠኙ አራቱ ጳውሎስ ሆስፒታል የተኙ። ሁለቱ ታዛቢዎች እማማ የማን ደጋፊ እንደነበሩ በሹክሹክታ ሲከራከሩ ሰማሁ፤ ድምፃቸው ከነካርዳቸው አብሯቸው ስለተቀበረ ክርክሩ እስካሁን አልተፈታም። ጉታ መቃብሩ አጠገብ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ አበላሽቼባቸው ነበር እያለ። አይዞህ፣ ይኸው ሰው መጣ አልኩት። እኔ ስላልኩት አልተጽናናም፤ ልክ ነው።

ማምሻውን ተመልሰን ተሰለፍን። ሁለት መቶ ምናምንኛ ሆኜ መረጥኩ። መሰላል አሸነፈ፤ ሙሉእመቤት ለሳምንት ያህል ሽሮውን በድል አድራጊነት አቀረበችልኝ። ውሃዋ አሁንም ሐሙስ ሐሙስ ነው የምትመጣው።

ጡሩምባዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወረቀቷ እንደተለጠፈባት ተመለሰች። በዚያው ቀን ኪብሮን ጎሚስታ ቤት መጣ፤ የድል በዓል ስላለን እሑድ ሰፈሩን ጥራልን አለ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ጉታ የሚለጥፈውን ጎማ ውሃው ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚያወጣበትን እያየ ጠየቀው።

«ማን ሞተ?»

ኪብሮን ሳቀና ማንም አልሞተም አለ፤ አንተ ስትመኘው የኖርከው ደስ የሚል ወሬ ነው አለው።

«እንግዲያው አልነፋም» አለ ጉታ፣ ጎማውንም አገላበጠው።