የሦስተኛው አልጋ ነጥብ

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ባልደረቦቿ «መርማሪዋ» ይሏታል። በአሥራ አራት ዓመት የነርስነት ሥራዋ፣ ሌላ ሰው የሰቀለውን ግሉኮስ ጠብታውን ሳትቆጥር አልፋ አታውቅም። ርክክብ ላይ «ደህና ነው» ሲሏት «ደህና ማለት ስንት ነው?» ትላለች። እናቷ እንኳ በስልክ ደህና ነኝ ስትላት፣ ሳል ይሰማ እንደሆነ ጆሮዋን ትቀስራለች።

ከሁለት ቀን እረፍት በተመለሰችበት ጠዋት፣ ከሦስተኛው አልጋ ግርጌ የተንጠለጠለውን ማኅደር አነሣች። ከሽፋኑ ታችኛው ጥግ ላይ አንዲት የእርሳስ ነጥብ አየችና ክው አለች።

ነጥቧን የውጭ ሰው ቢያያት ቆሻሻ ይላታል። የክፍሉ ሰው ግን ያውቃታል። ተስፋው የተሟጠጠ በሽተኛ ሲኖር ዋናው ሐኪም አይጽፍም፣ አይናገርም፤ ለነርሷ ራሱን ነቅነቅ ያደርግላታል፣ እሷም ነጥቧን ታኖራለች። ልቡ ቢቆም አትሩጡ፣ ደረቱን አትጫኑ ማለት ነው። ማኅደሩ የአልጋው ነው፤ ሰው ሲለወጥ የሚለወጠው የውስጡ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ነጥቧን ያደረገ ራሱ ያጠፋታል። ይህም ሕግ ቢሆን የትም አልተጻፈም።

አልጋው ላይ ያለው ሳንባው የታመመ አናጺ ነበር። ለእረፍት በወጣችበት ዕለት ከሰዓት በኋላ የተቀበለችው፣ የመተንፈሻ ማሽኑን የገጠመችለት ራሷ ናት። ያን ቀን ይተርፋል ብላ ነበር። አሁንም ጎንበስ ብላ ስትጠራው ጣቷን ጨበጥ አደረጋት።

ወረቀቱን ገለጠች። በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ የነበረበት ሰው በቀን ሁለቴ ብቻ ተገላብጧል። የታዘዘለት የደም ምርመራ አልተላከም። ሠርቻለሁ ብሎ የዋሸ የለም፤ የሚፈረምበት ቦታ ባዶ ነው።

ነጥቧን ያደረገው ማን ነው? ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የትልቅ ሰው ዘመድ አልጋ እየጠበቀ ነው የሚል ወሬ ሲገባ ሰምታለች። ዋናው ሐኪም ሲያልፍ ሦስተኛውን አልጋ በዐይኑ ገረፍ አድርጎ «አሁንም አለ?» አለ። ምን ማለቱ ነው? ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት አንጋፋው ነርስ ደግሞ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ አያውቅም፤ ዛሬ ግን እርሳሱ የለም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሰው እጅ እጅ ታይ ጀመር።

በሩ ላይ የአናጺው ልጅ ያዘቻት።

«ሲስተር፣ እንደ እህት ልጠይቅሽ። አባቴን ትታችሁታል?»

አጣራለሁ ብላት ገባች፤ ልጅቷም እንዳላመነቻት ጀርባዋ ላይ ተሰማት።

ጋሼን እጅ መታጠቢያው ጋ አገኘችው።

«ጋሼ፣ የሦስተኛው አልጋ ነጥብ የእርስዎ ነች?»

እጁን እየታጠበ ሳቅ አለ። «እኔማ የአንቺ መስላኝ! ወረቀቱን ስቀይር እዚያው ነበረች። መርማሪዋ ካለችበት ምን ይጠየቃል ብዬ ዝም አልኩ። ሁሉም እንደዚያው ነው ያለው። አንቺ ነጥብ ትረሻለሽ ብሎ ማን ያስባል?»

ሳቁን ተጠራጠረችው። ተመልሳ ነጥቧን በአውራ ጣቷ ፈተግ ስታደርጋት ጥቁሩ ጠፋ፤ ከሥሩ ግን ካርቶኑ ተበስቶ ነበር። ያኔ እጇ ወደ ደረት ኪሷ ሄደ። የእርሳሷ ጫፍ ተሰብሯል።

በዚያ አልጋ ላይ ከአናጺው በፊት አንዲት አስተማሪ ነበረች። ሐኪሙ ራሱን ሲነቀንቅላት መርማሪዋ ገና ነው ልትል ፈልጋ፣ አፏ እምቢ ብሏት፣ ንዴቷን ሁሉ እርሳሱ ላይ ተጫነችው። አስተማሪዋ እኩለ ቀን ላይ አረፈች። እሷም አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገብታ ፊቷን በፎጣ ሸፍና አለቀሰች። ስትወጣ አናጺው ደርሶ ነበር። ማኅደሩን ለመንካት አልፈለገችም፤ ጋሼን ወረቀቱን ይቀይሩልኝ ያለችው እሷው ናት።

ነጥቧ የራሷ መሆኗን ለሐኪሙ ሳትሸፋፍን፣ ሳታለሳልስ ነገረችው።

«አጥፍተሻታል አይደል?» አላት። «እርሳስ ነው። ሥራሽን ሥሪ።»

የደም ምርመራው አሁኑኑ እንዲላክ ጠየቀችው፤ ቀና ሳይል ፈረመ። እንዲህ የቸኮለው ስሕተቱን አስቀድሞ አውቆት ነው ወይስ አሁን ሰምቶ ደንግጦ? ይህን እስከ ዛሬ አላወቀችም።

ከዚያ እስክሪብቶ አነሣች። በነርሶች ማስታወሻ ላይ፣ ነጥቧን ያደረገችው እሷ መሆኗን፣ ነጥቧም ለሌላ በሽተኛ እንደነበረች፣ አናጺው በዚህ ምክንያት ሁለት ቀን ሙሉ ሕክምናው እንደተጓደለበት ጽፋ ፈረመች። ጋሼ በትከሻዋ አጮልቆ አንብቦ «ሁላችንንም አስበላሽን» አለ። ያን ቀን ምሳ ላይ አጠገቧ የተቀመጠ አልነበረም።

ለልጅቷ የነገረቻት ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነው። ልጅቷ ቁጭ ብላ አዳመጠቻት።

«አንድ እንኳ የጠየቀ የለም?»

«የለም።»

ልጅቷ ወንበሯን ስባ የአባቷ አልጋ በሚታይበት የክፍሉ መስታወት ፊት ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ የምርመራው ውጤት መጣ፣ መድኃኒቱ ተለወጠ። ነርሷ አዲሱን ስትሰቅል የልጅቷ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየች። ጠብታ እየቆጠረች ነበር። አልከፋትም፤ በሩን ገርበብ አድርጋ አንገቷን አወጣች።

«ስንት ሆነልሽ?»

«በደቂቃ ሃያ ሁለት።»

«ሃያ ነው መሆን ያለበት» አለችና ተመልሳ ቀነሰችው። ልጅቷም ቆጠራዋን እንደ አዲስ ከአንድ ጀመረች።