ሦስት ሰዓት የቀደመው ፋይል

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ አቶ ግርማ ሁለት ሰርቨሮች አሳዩኝ። አንደኛው የመሥሪያ ቤቱን ፕሮግራሞች ያሠራል፤ ሁለተኛው የሁሉንም ክፍል ፋይል ያስቀምጣል። «ፋይል ላይ ችግር ከመጣ መጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ» አሉኝ። በአርባ ምንጭ ሙቀት ላይ የማሽኖቹ ተጨምሮ ላብ አጠመቀኝ። ፍርሃትም ነበረበት።

በስድስተኛው ዓመቴ በኩልፎ ወንዝ ዳር የመስኖ መሬት ለሚሰጣቸው ወጣቶች የስም ዝርዝር ተዘጋጀ። ዝርዝሩ ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተዘጋ። ሰኞ አንድ አመልካች «ከተዘጋ በኋላ ስም ገብቷል» ብሎ አቤት አለ። ፋይሉ መቼ እንደተነካ እንዳጣራ ታዘዝኩ። ከፕሮግራሙ ሰርቨር ላይ አየሁት፤ መጨረሻ የተጻፈበት ሐሙስ ስምንት ሰዓት ከአሥር ይላል። አትሜ ለአቶ ግርማ ሰጠኋቸው።

ዝርዝሩን የጻፉት ከምዕራብ ዓባያ የሚመላለሱት ወይዘሮ ዘነበች ነበሩ። በዚያው ቀን ከሥራ ታገዱ። ቢሮዬ መጥተው ወንበር ብሰጣቸው አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ እኔ በአምስት ሰዓት ግድም ጨርሼ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ሐኪም ቤት ነበርኩ። ኮምፒውተሩ ለምን እንዲህ ይለኛል?»

አቶ ግርማን ስጠይቃቸው «የይለፍ ቃላቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተው ይሆናላ» አሉ። እኔ ግን ሰዓቱን ራሱን መፈተሽ ፈለግሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከፕሮግራሙ ሰርቨር ላይ ሆኜ በፋይል ማስቀመጫው ውስጥ አንድ ባዶ ፋይል ፈጠርኩ። ስልኬ ሦስት ሰዓት ከሃያ ይላል። ፋይሉ ስድስት ሰዓት ከሃያ አለ። ገና ያልደረሰ ሰዓት።

ወደ ማስቀመጫው ሰርቨር ሄድኩ። ሰዓቱ ትክክል ነው፤ ሦስት ከሃያ። የሰዓት ቀጠናው ግን በምሥራቅ አፍሪካ ፋንታ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀረው የግሪንዊች ነው። ስለዚህ ማሽኑ ግሪንዊች ላይ ሦስት ከሃያ የሆነ መስሎታል፤ ያን ጊዜ እኛ ዘንድ ስድስት ከሃያ ይሆናል። ሌላው ሰርቨር ደግሞ ያንኑ አምኖ ያሳያል። ሦስት ሰዓት ሲቀነስ የወይዘሮ ዘነበች ፋይል የተጻፈው በአምስት ሰዓት ከአሥር ነበር፤ ዝርዝሩ ከመዘጋቱ በፊት።

ክረምት ላይ መብራት ተቋርጦ የማሽኑ ሰዓት ተዛብቶ ነበር። ቀጠናውን ሳላይ በእጄ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።

ዝም ብዬ ባርመው ማንም አያውቅም ነበር። ግን የድሮዎቹ ፋይሎች ሰዓት አብሮ አይታረምም፤ ሴትዮዋም እንደታገዱ ይቀራሉ። አቶ ግርማን ጠርቼ ሙከራውን ፊታቸው ደገምኩት።

«ስንት ፋይል ነው?»

«ከክረምት ወዲህ የተጻፈው ሁሉ።»

«ማነው ያስተካከለው?»

«እኔ ነኝ።»

«በጽሑፍ አድርጊው» ብለው ወጡ።

ጻፍኩ። ቀጠናውን አርሜ ሁለቱም ሰርቨሮች ሰዓታቸውን ከአንድ ምንጭ እንዲወስዱ አደረግኩ። ወይዘሮ ዘነበች በሳምንቱ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ወይዘሮ ዘነበች ሰላምታ አልነፈጉኝም፤ ኮምፒውተራቸው ሲበላሽ ግን የሚጠሩት ሌላ ባለሙያ ነበር።

የፋይል ሰዓት የሚነግረን ያስቀመጠው ማሽን ስንት ሰዓት መስሎት እንደነበረ ብቻ ነው። በሰው ላይ ማስረጃ አድርጋችሁ ከመስጠታችሁ በፊት የሁለቱንም ማሽን ሰዓትና ቀጠና እዩ።