ተቀባይ ያጣ ቃሬዛ

ባለፈው ሳምንት አሶሳ ውስጥ ስብሰባ ተጠርቼ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስብሰባ የምሄደው ከሰው እንዳልጠፋ ብዬ እንጂ የምሰማው አዲስ ነገር ኖሮ አይደለም። አንድ ወጣት ባለሙያ «ማኅበራዊ ሀብት» ስለሚባል ነገር ያስረዳል። የአንድ ማኅበረሰብ መተማመንና መረዳዳት እንደ መሬትና እንደ ከብት ሀብት ነው፤ ልማትም ይህን ሀብት ማወቅ አለበት ይላል። ልጁ ደግ ነገር ተናገረ። እኔ ግን የድሮ ጎረቤቴን ሐዋን አሰብኩ።

ወጣት መምህር ሆኜ ከጎጃም ወደ ሆሞሻ በኩል ስመደብ፣ የበርታ ገበሬዎች በየማሳቸው አጠገብ በትናንሽ መንደሮች ተበታትነው ይኖሩ ነበር። ሰው ሲታመም በቀርከሃ ቃሬዛ ተሸክመው ወደ አሶሳ የሚወስደው አውራ መንገድ ድረስ ያደርሱታል። አሸካከማቸው የራሱ ሕግ ነበረው። የአንድ መንደር ወንዶች የሚሸከሙት እስከ ወሰናቸው ብቻ ነው። እዚያ ሲደርሱ ይጣራሉ፤ የሚቀጥለው መንደር ወንዶች የያዙትን ሥራ ጥለው መጥተው ይረከባሉ። ሳይጠሩ ሄዶ መሸከም የሌላውን ተራ መሻማት፣ ወሰን አልፎ መሸከም ደግሞ ጎረቤትን መናቅ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው አይከተልም፤ ያልደከመ ትከሻ ሁልጊዜ ከፊት ይጠብቃል።

በኋላ በመንግሥት ትእዛዝ መንደሮቹ ሁሉ አንድ ቦታ እንዲሰባሰቡ ተደረገ። ውሃ መጣ፣ ትምህርት ቤቱ ሰፋ፣ ለጤና ኬላ የሚሆነው ቤትም ቆርቆሮ ለበሰ፤ የሚሠራበት ሰው ግን ገና አልመጣም። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ተማሪዎቼ ረጅም መንገድ መጓዛቸው ቀረላቸው።

ሐዋ የጎረቤቴ የአልበሽር ሚስት ነበረች። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ትልክልኝና ሳልጨርስ ዕቃውን ከመለስኩ ትቆጣኛለች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ የያዛት ሐምሌ ላይ ነው። በማግሥቱ ጠዋት አልበሽር በሬን አንኳኳ።

«ኡስታዝ፣ ሐዋ ደክሟል። ልጅ እምቢ ብሏል። እንሂድ» አለኝ፤ መምህርን «ኡስታዝ» ነው የሚሉት።

በዚያ ጭቃ መኪና አይታሰብም። እኔና የአልበሽር የድሮ መንደር ሰዎች ተሸክመናት ወጣን። አሁን አጠገባችን የሰፈሩት የሌሎቹ መንደሮች ወንዶች በየደጃቸው ቆመው «አላህ ይርዳው» አሉን። ልባቸው አብሮን ነበር፤ ግን እንደ ወጉ እስኪጠሩ ይጠብቃሉ። እኛም እንደ ወጉ ገና ወሰናችን ላይ አልደረስንምና አልጠራናቸውም።

ዝናቡ አላባራም። የድሮው ወሰን ላይ ስንደርስ ቃሬዛውን አወረድን። አልበሽር እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ የሚቀጥለው መንደር ወደነበረበት ወደ ማንጎ ዛፎቹ ተጣራ። ከዛፎቹ ሥር ጣሪያቸው የወደቀ ጎጆዎችና ሣር የዋጠው አውድማ ብቻ ነበር። የሚጠራቸው ሰዎች አሁን የሚኖሩት ከኋላችን፣ ከራሱ ቤት አጠገብ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ቆመን ጠበቅን፤ እግራችን የለመደውን አደረገ።

ሐዋ ዓይኗን ገልጣ በቋንቋቸው «መጡ?» አለች።

«እየመጡ ነው» አላት ባሏ።

ከዚያ አንዱ ሰው ሊጠራ ወደ ኋላ ሮጠ፤ የቀረነው ተሸክመን ቀጠልን። እየተንሸራተትን፣ እየቆምን፣ እንደገና እየተነሣን ሄድን። ሁለተኛው ባዶ መንደር ጋ ትከሻችን ዛለ። ሰዎቹ እየሮጡ ሲደርሱብን መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው እጇን ያዙ፤ እጇ ቀዝቅዞ ነበር። ልጁም በሆዷ እንዳለ ከእሷ ጋር ሄደ። ወደ ቤት ስንመልሳት ግን ተሸካሚው ከመብዛቱ የተነሣ ለእኔ ተራ እንኳ አልደረሰኝም።

ከቀብሩ በኋላ አልበሽር ደጁ ላይ ተቀምጦ ወደ ጎረቤቶቹ ቤት እያየ፣ «ሰው ቅርብ ነው፣ ኡስታዝ» አለኝ። «ወሰን ግን የት ነው? ማን ነው የሚጠራ?»

ባለሙያው ንግግሩን ጨርሶ ጥያቄ ያለው እንዲናገር ጋበዘ። እጄን ላወጣ አስቤ ተውኩት። ምን ብዬ እጀምራለሁ? ያሰባሰቧቸው ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ውሃው እስከ ዛሬ ይጠጣል። ጎረቤቶቿም አልከዷትም፤ ትከሻቸውን አዘጋጅተው በየደጃቸው ቆመው ነበር። ሐዋ ግን መንገድ ላይ ሞተች። ይኸው እስካሁን የምቆጣው ሰው አላገኘሁም፤ ቁጣው ግን አልወጣልኝም።