ሴራሚክ የለበሰው ምሰሶ

አባቴ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ መጀመሪያ የሚሄደው ጣሪያውን ወደተሸከመው የመሀል ምሰሶ ነበር። በከዘራው ሁለቴ ያንኳኳዋል፣ ያዳምጣል፣ ከዚያ ሥሩ ይቀመጣል። ሰዉ "ሽማግሌው ከእንጨት ጋር ያወራሉ" እያለ ይስቅ ነበር። እኔም እስቅ ነበር፤ ምን እንደሚያስቀኝ እንጃ!

ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ያለው ይህ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ አባቴ ጎረምሳ አናጢ ነበር። ከዚያ በፊት ካህኑ በበቅሎ እየመጡ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ነበር የሚቀድሱት። ምሰሶ የሆነውን ጥድ ከጫካ ጎትተው ያመጡት ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ናቸው፤ ምሰሶው ሲቆም ገመድ ያልያዘ የሰፈር ሰው አልነበረም ይላል አባቴ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ የምሰሶውን ሥር ቆፍሮ ያያል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባዋል፣ ዙሪያውን አመድ ይሞላዋል። አገራችን ምስጥ አይታጣበትም፤ ሥሩን ያላዩት እንጨት ይበላል።

በኛ አገር ለመስቀል ከአዲስ አበባ ባዶ እጁን የሚገባ የለም። አንድ ዓመት የከተማ ልጆቻችን ለቤተ ክርስቲያኑ ሴራሚክ ጭነው መጡ። ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ! ሴራሚክ ማንጠፍ እንጀራዬ ነው፤ ማን እንደኔ አልኩ። ወለሉን ጨርሼ የተረፈውን በምሰሶው እግር ዙሪያ እስከ ጉልበት ድረስ ለጠፍኩት፤ ከዚያ በላይ ያለውን ዘይት ቀለም ቀባሁት። አባቴ ዓይኑ ደክሞ ስለነበር በእጁ ዳሰሰው።

"ከእንግዲህ ሥሩን በየት በኩል ነው የማየው?" አለኝ።

"አባዬ፣ ዘመኑ የሲሚንቶ ነው። አርፈህ ጸልይ!"

አርፎ ጸለየ። ማንኳኳቱን ግን አልተወም።

በሁለተኛው ዓመት አንድ እሑድ አንኳኳና ሳይቀመጥ ቆመ። "ይህ ምሰሶ ጉንፋን ይዞታል" አለኝ። የደከመው ጆሮህ ነው አልኩት። በዚያው ሰሞን፣ የበልግ ዝናብ በጣለ ማግሥት፣ ቅዳሴ መሀል ከሴራሚኩ መጋጠሚያ አሸን ይወጣ ጀመር። ልጆቹ እያሳደዱ ሳቁ፣ ሴቶቹ በነጠላቸው አባረሩት። እኔ ግን ክው አልኩ። ምስጥ በሌለበት አሸን የለም፤ ይህን የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ሰኞ ጠዋት ብቻዬን ሄጄ መጋጠሚያውን በነጭ ሲሚንቶ ደፈንኩት። ከዚያ ወዲያ ሰዉ ሲጸልይ እኔ ጣሪያውን ነበር የማየው። ቆርቆሮው በነፋስ ሲንኳኳ ላብ ያጠምቀኛል። ሰዉ ልጆቹን ታቅፎ ምሰሶው ሥር ይቀመጣል፤ አባቴም እዚያው።

"ወዲህ ጠጋ በል፣ እዚያ ነፋስ አለ" እለዋለሁ።

"እኔ ያቆምኩት ነው፣ አይጥለኝም" ይለኛል።

እውነትም አልጣለውም። ሐምሌ ላይ፣ አልጋው ላይ እንደተኛ አረፈ።

የቀብሩ ዕለት ከወልቂጤም ከቡታጅራም ሰው ጎረፈ። ዝናቡ ስለበረታ ሁሉም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሊገባ ተጋፋ። ካህኑ "ሳጥኑ ምሰሶው ሥር ይረፍ፣ እሳቸው ያቆሙት ነው" አሉ። እኔ የአባቴን ከዘራ ይዤ ከሳጥኑ ፊት ፊት እሄድ ነበር። ሰዉ ምሰሶውን እየተደገፈ፣ እያቀፈ ያለቅሳል። ምሰሶው ጋ ስደርስ እንደ አባቴ ሁለቴ ላንኳኳ ሰነዘርኩ፤ ከሴራሚኩ ከፍ ብሎ፣ ቀለሙ ላይ። ሁለተኛውን አላንኳኳሁም። በመጀመሪያው ከዘራው ቀለሙን በስቶ ገባ፤ እጄም ተከትሎት እስከ ክርኔ ገባ።

"ውጡ!" ብዬ ጮህኩ። "ውጡ! ተበልቷል! አውቅ ነበር፣ የደፈንኩት እኔ ነኝ!"

ለቅሶው ቀጥ አለ። ከዚያ ተራ በተራ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ወጡ። ማንም አልሰደበኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ፍትሐቱ ድሮ ይቀደስበት ከነበረው ዛፍ ሥር ተደረገ፤ ዝናቡ አላቆመምና ሳጥኑን ላስቲክ አለበስነው። ያን ቤት ያቆመው አባቴ በኔ እጅ ደጅ ቀረ።