ኮሌታ የሌለው ሸሚዝ

ከላምበረት ስንነሳ

ለዒድ ወደ ወሎ የሚሄድ ሰው ስኳርና ዘይት ይይዛል። እኔ ያን ዕለት ንጋት ላይ ላምበረት መናኸሪያ የደረስኩት አንዲት የስፌት መኪና ከነብረት እግሯ በጋሪ አስገፍቼ ነው። ረዳቱ በማዳበሪያ የተጠቀለለውን ጓዝ ዞር ዞር ብሎ አየና "ፋዘር፣ ይቺማ ራሷን ችላ ትኬት ትቁረጥ" አለኝ። ለመጫኛ ሁለት መቶ ብር ጠየቀ። የጡረታዬን ነገር አንድ በአንድ ሳስረዳው ሰልችቶት በመቶ ሃያ ተስማማንና አውቶቡሱ ጣራ ላይ ወጣች።

መኪናዋ የተገዛችው ለዘሀራ ነው። ዘሀራ የወዳጄ የሁሴን ልጅ ናት፤ እኔ ከሚሴ ሂሳብ ሳስተምር ግቢያቸው ተከራይቼ ስኖር ነው የተወለደችው። ካደገች በኋላ ኮምቦልቻ አጠገብ አንድ የልብስ ፋብሪካ ገብታ ለባሕር ማዶ ገበያ የሚላክ ሸሚዝ ስትሰፋ ሁለት ዓመት ቆየች። ከዚያ ሥራው ቆመ። ሸሚዙ የሚሄድበት ሀብታም አገር የቀረጥ ደንቡን ቀይሮ ኖሮ፣ ገዢው ከሌላ አገር መግዛት ረከሰለት። እነዘሀራም "ገዢ የለም" ተብለው ወደ ቤታቸው ተሰናበቱ። ያን የቀረጥ ወሬ እኔም በሬዲዮ ሰምቼው ነበር፤ ጢሜን እየተላጨሁ የስፖርት ዜና ስጠብቅ ስለነበር በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ሁሴን እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። በሬውን ሰንበቴ ገበያ አውጥቶ ሸጠና ገንዘቡን ላከልኝ። "መምህር፣ ከመርካቶ ደህና የስፌት መኪና ፈልግልኝ" አለኝ በስልክ። "ለፈረንጅ የሰፋች ልጅ ለከሚሴ ሰው መስፋት ያቅታታል?" አያቅታትም አልኩትና ገዛሁ።

ቁልቁለቱ

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ዘለቀ። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ጉሙ ከኋላችን ቀረ። ደብረ ሲና ስንቆም ሁሉም እንደሚያደርገው ቆሎ ገዛሁ፤ ነገር ግን ወሩ ረመዳን ነው፣ ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ደግሞ ጾመኛ ናቸው። ቆሎውን ከኪሴ እንደ ሌባ አንድ አንድ ፍሬ እየለቀምኩ ስበላ አዩኝና "ብላ እንጂ ወንድሜ፣ ያንተን ሆድ እኔ አልጾምልህ" ብለው ሳቁብኝ።

ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን። ጠዋት የተመካሁበት ኮት ሸክም ሆነብኝ። በየመንገዱ ዳር ማንጎ ተከምሯል፤ ልጃገረዶች በሳህን እየያዙ በመስኮት ያቀርባሉ። ሰንበቴ የገበያ ቀን ላይ ደረስን። አፋሮች ግመላቸውን፣ ደገኞች በጋቸውን ይዘው መንገዱን ሞልተውታልና አውቶቡሱ እየተንፏቀቀ ነው ያለፈው። አንድ ሰው የቀይ በሬ ከንፈር ገልጦ ጥርስ ሲያይ በመስኮት ተመለከትኩ። የሁሴንም በሬ እዚሁ ቆሞ ጥርሱ ታይቷል፤ አሁን ከራሴ በላይ ጣራው ላይ ተጋድሟል አልኩ ለራሴ። ያኔ ነገሩ አስቆኝ ነበር።

ከሚሴ

ከሰዓት በኋላ ደረስን። መኪናዋን ባጃጅ ላይ አስረን፣ እኔ ግማሽ መቀመጫ ላይ ተንጠልጥዬ ከከተማው ዳር ካለው ቤት ገባን። ሁሴን ከበር ወጥቶ "አካም ኦልተን፣ መምህር!" እያለ ትከሻዬን እስኪያመኝ አቀፈኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ማዳበሪያው ሲገለጥ "ማሻ አላህ" ተባለ፤ አንዲት ሴትዮ ጥቁሩን ብረት በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው። መደቡ ላይ ጎረቤት ለዒድ ይሰፋልኝ ብሎ ያመጣው ጨርቅ ተከምሯል፤ አበባ ያለው፣ ነጭ፣ ለልጅ የሚሆን ሰማያዊ።

ዘሀራ ብቻ መኪናዋን አልነካቻትም። እጇን ከሻርፗ ሥር አድርጋ ቆማ ነበር። እኔ የደስታ ብዛት ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ ሁሴን ማሳውን ሊያይ ወጣ። ጾመኞቹ መሐል ለእኔ ብቻ ቁርስ ቀርቦልኝ እያፈርኩ ስበላ ዘሀራ መጥታ ከፊቴ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ አባቴ እንዳይሰማ" አለች። "እኔ ሸሚዝ መስፋት አልችልም።"

"ሁለት ዓመት ምን ስትሰፊ ነበር?"

"እጅጌ። እጅጌውን ከትከሻው ጋር አጋጥሜ አሳልፋለሁ። ትከሻና ጎኑ የጓደኛዬ የሰዓዳ ነው፤ ኮሌታው የከዲጃ። ቆረጣው ሌላ ክፍል ተሠርቶ ነው የሚመጣልን። ወላሂ አንድ ሸሚዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰፍቼ አላውቅም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?"

"ሥራው መቆሙን በስልክ ሰምቶ፣ እኔ ቤት ሳልደርስ በሬው ተሽጦ ነበር። ከዚያ በኋላ በየት አፌ?"

መደቡ ላይ ያለውን ጨርቅ አየሁት፤ እሷም አየችው።

በገበያውና በጨፋ መንገድ

መፍትሔ የመፈለግ አመል አለብኝ፤ የአስተማሪ በሽታ ነው። ከገበያው ዳር በረንዳ ላይ የሚሰፉ መሐመድ የሚባሉ አንድ ልብስ ሰፊ አሉ፤ ድሮ ሱሪዬን ያሳጥሩልኝ ነበር። ሄጄ ዘሀራን እንዲያስተምሩልኝ ጠየቅኋቸው።

"ማስተማሩንስ አስተምራት ነበር" አሉኝ ሰውየው። "ግን ተምራ ለማን ልትሰፋ? ያንን እየው።" ከመንገዱ ማዶ ሸራ ላይ ልባሽ ጨርቅ ተቆልሎ ሰው ጎንበስ ብሎ ይመርጣል። "የባሕር ማዶ ሰው ለብሶ የሰለቸውን፣ እኔ የምሰፋበትን ክር በማይገዛ ዋጋ ይሸጡታል። ለዒድና ለሠርግ ካልሆነ እኔ ዘንድ የሚመጣ የለም። አብሽር፣ ከፋኝ ብዬ አይደለም የምነግርህ።"

ዘሀራ ግን የራሷ ሐሳብ ነበራት። ሰዓዳ ጨፋ ሮቢት ናት፤ ከዲጃም የዚያው አካባቢ ልጅ ናት። ሦስቱ ከተሰበሰቡ እንደ ፋብሪካው እየተቀባበሉ የሚሰፉበት መስመር ቤቷ ውስጥ ይሠራል። አሰብኩበት፤ አልከፋም። በሚኒባስ ሄድን። የጨፋ ሜዳ ሳሩ ገና አረንጓዴ ነበር፣ ከብቱ እስከ ሆዱ ውስጡ ገብቶ ይግጣል። ዘሀራ መንገዱን ሁሉ እያወራች፣ የፋብሪካውን ሱፐርቫይዘር እያስመሰለች አሳቀችኝ። ከመጣሁ ወዲህ ስትስቅ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሰዓዳን አገኘናት። አግብታ ልጅ አዝላለች። ተቃቅፈው ኦሮምኛውን ከአማርኛው እያደባለቁ ሲያወሩ እኔ ጥላ ፍለጋ ዞር አልኩ። ስመለስ የዘሀራ ፊት ተለውጧል።

"ከዲጃስ?" አልኳት።

"ሪያድ ገብታለች፣ ጋሼ። ሰው ቤት።"

ሁለቱ ሴቶች መኪናዋ ላይ

ሰዓዳ ከነልጇ አብራን መጣች። ቆራጭ ስለሌለ የሁሴንን አሮጌ ሸሚዝ ስፌቱን ፈትተው፣ ለልክ እንዲሆናቸው ራሱ ለዒድ የገዛው ነጭ ጨርቅ ላይ አነጠፉትና በመቀስ ዙሪያውን ሄዱበት። ፋብሪካው ውስጥ የለመዱት መኪና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ የኛዋ በእግር ናት። መርገጫዋን ሲረግጧት ወደኋላ እየዞረች ክሩን በጠሰችው። ተሳሳቁ፣ ደግሞ ሞከሩ። ሰዓዳ ትከሻውን ጨርሳ ስታቀብላት ዘሀራ እጅጌውን ያዘች። እንዴት እንደገባ አላየሁም። ጨርቁ በጣቶቿ መሐል ዞሮ ወጣ፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር። እንዲህ ያለ እጅ ይዛ ሥራ ፈትታ መቀመጧ አንገበገበኝ።

ኮሌታው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሞከሩት፤ ተጣመመ። ፈቱት፤ ሞከሩት፤ አሁንም ጫፉ አፈንግጦ ወጣ። ጨርቁ መሳሳት ሲጀምር ዘሀራ እጇን ሰበሰበች። በዚህ መሐል ሁሴን ከዐስር ሶላት ተመልሶ በሩ ላይ ቆሟል። ሸሚዙን አንስቶ ወደ ብርሃን ያዘው።

"ኮሌታው የታለ?"

"ኮሌታው የከዲጃ ነው፣ አባ" አለች ዘሀራ። "ከዲጃ ደግሞ ሪያድ ናት።"

ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። አንገቷን ደፍታ ነበር፣ ግን አላለቀሰችም። ሁሴን ሸሚዙን በልብሱ ላይ ደርቦ ለበሰውና "ጀለቢያስ ኮሌታ አለው እንዴ?" አላት። "አብሽሪ። ዒድን የምሰግድበት ይኸው ነው።"

ሰገደበትም። የዒድ ጠዋት ሜዳው በነጭ ልብስ ሞልቶ ከርቀት ሳየው እሱን ከሌላው መለየት አልቻልኩም። ከአንድ ቀን በፊት ግን ዘሀራ የጎረቤቱን ጨርቅ እንደመጣ እንደታጠፈ እያንዳንዱን በር አንኳኩታ መልሳ ነበር። አብሬሽ ልሂድ ብላት እምቢ አለችኝ።

የዒድን ምሳ በልተን ግቢው ውስጥ ከሁሴን ጋር ቁጭ ብለን ሳለ "በሬው አይቆጨኝም" አለኝ። "ሙሉ ልጅ ሰጠኋቸው፣ እጅጌ ብቻ አስተምረው መለሱልኝ።" ቆየት ብሎ ከዲጃ እንደደወለች፣ ለዘሀራም ሥራ እንዳገኘችላት፣ ፓስፖርት መውጣት እንዳለበት ነገረኝ። "መኪናዋን ይዘህልኝ ተመለስ። አዲስ አበባ ይሻላል ዋጋው፣ ለጉዞዋ እንዲሆን ሽጥልኝ።"

መልስ

ስመለስ ያው ረዳት አጋጠመኝ። መኪናዋን ሲያይ "ጎበኘች እንዴ?" አለኝ። መቶ ሃያውን ዘረጋሁለት፤ እሱም ፊቴን አይቶ ስለዋጋው ሳይከራከር ጫናት። ሰንበቴ ባዶ ነበር። ደብረ ሲና አውቶቡሱ ሲቆም አልወረድኩም።

ቤቴ ገብቼ ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር የራሴን ሸሚዝ ገልብጬ ማየት ነው። በየስፌቱ መጋጠሚያ ክሩ ይለያያል። ስድሳ ዓመት ሸሚዝ ስለብስ እዚህ ላይ የአንዷ እጅ አብቅቶ የሌላዋ እንደሚጀምር አስቤ አላውቅም። ባሕር ማዶ አንድ ደንብ ሲቀየር ሰንበቴ ላይ በሬ እንደሚሸጥም አላውቅም ነበር። አሁን ሬዲዮው ላይ ስለቀረጥ ሲወራ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ፤ ለማንም ግን የሚጠቅም ነገር አይደለም።

መኪናዋን ኮሪደሩ ውስጥ አቆምኳት። አንድ የሰፈራችን ሰው ልግዛት ብሎ ሁለት ጊዜ ዋጋ ጠየቀኝ፤ አትሸጥም አልኩት። ሁሴን ሲደውል ገዢ አልተገኘም እላለሁ። ትንሽ ቢዘገይ፣ አንድ ሥራ ከአንድ ቦታ ብቅ ቢል፣ ልጅቷ ብትቀር ብዬ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደውል ዘሀራ ስልኩን ከአባቷ ተቀበለችው።

"ጋሼ፣ ገዢ የለም ነው የሚሉት?"

"የለም፣ ልጄ።"

"ፋብሪካውም ያለን እንደዚሁ ነበር" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም፤ ያመነችኝ ይመስለኛል።

በማግስቱ ሰውየውን ጠርቼ ሸጥኩለት።