ግሌንዳ ፒኬት ልጇን የላከች ቀን

ኩንዳራ በምትባለው ትንሽ ከተማችን ሰው ሲሞት ሴቶቹ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ምድጃ ማሞቅ ነው፤ ልቅሶው በኋላ ይደርሳል። ድንች በክሬሙ፣ ዶሮ በሩዙ፣ የበግ ሥጋ በካሮቱ እየተጋገረ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይጎርፋል። ከመጋገሪያው ሳህን ሥር ነጭ ፕላስተር ይለጠፍና የላኪዋ ስም ይጻፍበታል። ሐዘንተኛው በልቶ፣ አጥቦ ይመልሳል። ሳይመልስ ከቆየም ቂም የለም፤ የሳህኑ ባለቤት በጓሮ በር ትገባና ዕቃዋን ከመደርደሪያው አንስታ ትወጣለች። የቤቱ ሰው ኖረ አልኖረ ግድ የላትም። በኛ ከተማ የፊት በር የሚያንኳኳው ፖሊስና ሃይማኖት ሰባኪ ብቻ ነው።

የኪት ሎሪመር ሚስት ዶሪን በካንሰር ስትሞት ግሌንዳ ፒኬትም እንደ ሰዉ ድንቿን ጋግራ ወሰደች። የወሰደችበት ሳህን ከእናቷ የቀረላት፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ሞላላ ሳህን ነበር።

ግሌንዳ ከሃያ ዓመት በላይ በመንገዱ ዳር ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ የኖረች ሴት ናት። ሳቋ ከሦስተኛው ክፍል እስከ ነዳጅ ማደያው ይሰማ ነበር። ትራሱን አይታ የትኛው እንግዳ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ እንዳደረ እንደምታውቅ ትምልልን ነበር፤ እኛም እናምናት ነበር። ባሏ ሁለቱ ልጆቿ ገና ትንንሽ ሳሉ ማዕድን ቁፋሮ ሄደ። ማዕድኑ ዋጠው እንዳይባል፣ እዚያው ሌላ አግብቶ በደህና ይኖራል። ግሌንዳ ሴት ልጇን ዳረች፤ ወንዱ፣ ጃሮድ፣ ግን አስለቀሳት። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የነዳጅ ማደያውን ሱቅ ሰብሮ ሲጋራና ቢራ ወሰደና ታሰረ። ሲፈታ ሌላ ሰው ሆኖ ወጣ። ለገበሬዎቹ አጥር እየሠራ፣ እጁ በሽቦ ተቦጫጭሮ፣ ማታ ማታ እናቱ ጋ ይበላ ነበር። ከተማው ይቅር ብሎታል። ግን ሱቅ ሲገባ ሴቶቹ ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ ያደርጉ ነበር፤ ግሌንዳ ይህን እያየች እንዳላየች ታልፋለች።

ዶሪን በሞተችበት ክረምት ሌባ በዛ። ዛሬ የአንዱ መኪና፣ ነገ የሌላው ቤት ይዘረፋል። ፖሊስ ጣቢያው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ የሚመጣውም ሌባው ጠግቦ ከተኛ በኋላ ነው። ትሬቨር ሃስኬት የሚባል፣ ለፓርላማ የሚወዳደር ሰው ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ። ቤቱ የተደፈረ ሰው እንደ ፈለገ ይከላከል፣ ቢገድልም አይጠየቅ የሚል ሕግ እንዲወጣ ነው። የሰዉን ፍርሃት አልንቀውም። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ምን እስኪደርስበት ይጠብቅ? የትምህርት ቤቱ መምህር አንድ ቀን መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ለቴሌቪዥን ሰው ይሞታል ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ ያንተን ሲወስዱት እናያለን ተባለና አፉ ተዘጋ። ግሌንዳም ፈርማ ነበር። የእሷም መኪና ተሰርቆ፣ ተቃጥሎ ነው የተገኘው።

በዚያው ክረምት አንድ ቅዳሜ፣ የልጅ ልጇ ክርስትና በማግስቱ ነበርና ድንች ልትጋግር ሳህኗን ፈለገች። ሌላ ሳህን አጥታ አይደለም። የእናቷ ሳህን በክርስትናው ገበታ ላይ እንዲኖር አማራት እንጂ። ጃሮድን፣ ኪት ቤት ሄደህ አምጣልኝ አለችው።

«መጀመሪያ ደውይለት» አላት። «ሰውዬው ዶሪን ከሞተች ወዲህ ልክ አይደለም።»

«የገዛ ሳህኔን ለመውሰድ ደግሞ ፈቃድ ልጠይቅ?» አለች ግሌንዳ። «ሂድ ባክህ፣ አትለግም።»

እየሳቀ ወጣ። ኪት ከእርሻው ሲመለስ ኩሽናው ውስጥ ሰው አገኘ። የዱር አሳማ የሚያድንበት ጠመንጃ ከፒክአፑ ወርዶ በእጁ ነበር፤ ተኮሰ። ጃሮድ አምቡላንሱ ሳይደርስ እዚያው የጓሮ ደረጃ ላይ ሞተ። ሴት ልጇ የወንድሟን ለቅሶ ታስብ ወይስ የልጇን ክርስትና ግራ ገብቷት፣ ሕፃኑ ሳይጠመቅ ሰነበተ።

ኪት ለፖሊስ፣ እጁ ላይ የሆነ ነገር ይዞ መጣብኝ፣ መሣሪያ መሰለኝ አለ። ወለሉ ላይ የተሰበረ ሳህን ተገኝቷል፤ ሊወረውርበት ያነሳው ነው ተባለ። የጃሮድ የድሮ ጥፋት ተመዘዘ። ፖሊስ መዝገቡን ዘጋ።

ግሌንዳ ላገኘችው ሁሉ፣ እኔ ነኝ የላክሁት፣ ሳህኔን ሊያመጣልኝ ነው የሄደው ብላ ተናገረች። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠላት። የሥጋ ቤቱ ባለቤት ሚስት ሎሬይን ገና ግሌንዳ ከበሩ ሳትርቅ፣ እናት አይደለች፣ ሌላ ምን ትበል አለች። ግሌንዳ ሰማቻት። ከዚያ ወዲህ ሥጋ የምታስመጣው ከሌላ ከተማ ነው። ጃሮድ ደውይለት እንዳላት ግን ለማንም አልተነፈሰችም፤ ለገዛ ሴት ልጇም ቢሆን። ያቺን ነገር ውጣ፣ ፍላጎቷን ሁሉ አንድ ነገር ላይ ጣለች። ልጇ ሌባ ሆኖ እንዳይቀር። ሌላ ምንም አልፈለገችም። ኪት እንዲታሰርላት እንኳ አልለመነችም።

ሃስኬት በበኩሉ ኪትን የዘመቻው ፊት አደረገው። ፎቶው በየአጥሩና በየምሰሶው ተለጠፈ፤ ግሌንዳ ወደ ሥራ ስትሄድ ልጇን የገደለው ሰው ከየምሰሶው ያያታል። ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በከተማው አዳራሽ ትልቅ ስብሰባ ተጠራ። ሴት ልጇ አትሂጂ ብላ ለመነቻት። ሄደች፤ ከኋላ፣ ወንበሮቹ የሚደረደሩበት ጥግ ቆመች። አጠገቧ የነበሩት ትንሽ ፈቀቅ አሉ።

ሃስኬት ኪትን ወደ መድረክ ሲጠራ አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ። ኪት ከስቷል፤ ኮቱ የሰው ይመስላል። ማይክሮፎኑን ተቀብሎ አንገቱን ደፋ። ሰዉ ሆድ ባሰው ብሎ ጭብጨባውን ደገመለት።

«አታጨብጭቡልኝ» አለ። «ልጁ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። እየወጣ ነበር። የያዘው ሳህን ነው፤ ሳህን መሆኑንም አይቻለሁ። ፖሊሱን ዋሽቼዋለሁ።»

ከዚያ ማይክሮፎኑን መሬት ላይ አስቀምጦ በጎን በር ወጣ። ሃስኬት ግን ምላስ የሚቸግረው ሰው አይደለም። እንዲህ ያለውን ደግ ሰው ዓመት ሙሉ በጸጸት የሚያቃጥለው የአሁኑ ሕግ ነው፣ አዲሱ ሕግ ቢኖር ኖሮ መዋሸትም አያስፈልገው ነበር አለ። ጥቂቶች ተነስተው ወጡ። ሌሎቹ ለፊርማ ተሰለፉ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሎሬይን ሰዉን እየገፋች መጥታ ግሌንዳን አቀፈቻት። እያለቀሰች፣ እውነትሽን ኖሯል፣ ምስኪን ልጅ ተልኮ የሄደ ነው፣ ይቅር በይኝ አለቻት። ግሌንዳ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቃል ይኸው ነበር። እጇን ሎሬይን ጀርባ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ምንም አልተሰማትም። ሌባ ነው ሲሉ፣ ቢያንስ በእነሱ ዘንድ የሞተበት ምክንያት ነበረው። አሁን የሞተው ተልኮ ነው።

ከአዳራሹ ስትወጣ ኪት ፒክአፑ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሞተሩን አላስነሳም። ወደ መስኮቱ ሄደች። ዓመት ሙሉ መጠየቅ የፈራችውን ጠየቀችው።

«ልጄ አንድ ነገር ተናግሮ ነበር?»

ኪት መሪውን እንደ ያዘ ነው። «ቁም አልኩት፤ ቆመ። ‹እኔ ነኝ፣ እማዬ ልካኝ ነው› አለኝ።»

«ከተኮስክ በኋላ?»

«በፊት» አለ። «ሌባው የፒኬት ልጅ ነው፣ ይዋሻል ብዬ።»

ግሌንዳ የመኪናውን በር በሁለት እጇ ያዘች። ልትሰድበው፣ ልትተፋበት ፈልጋ ነበር፤ አልወጣላትም። የወጣው ሌላ ነው።

«ደውይለት ብሎኝ ነበር» አለችው። «እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

ኪት ዞሮ አያት። ከአዳራሹ የሚወጡት ሰዎች በአጠገባቸው እንዳያልፉ እየተጠነቀቁ ዞረው ወደየመኪናቸው ሄዱ። ያን ቅዳሜ የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያውቅላት ሰው ከዚህ በኋላ በምድር ላይ ኪት ሎሪመር ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ዓይኑን ማየት አትችልም። በሩን ለቀቀችና በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች።