መንገዱ የተከፈተ ዕለት

ልጅ እያለሁ በእኛ ፋንታ ድንጋይ ይሰለፍ ነበር። ያኔ የባሕር ዳር ታክሲ በጣት የሚቆጠር ስለነበር፣ ከአደባባዩ ወረድ ብሎ ያለው የሰፈራችን ሰው ጎሕ ሲቀድ ይወጣና በዘንባባዎቹ ሥር ድንጋዩን አስቀምጦ ይመለሳል። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን የሚስም ይስማል፣ መስጊድ የሚሄድም ይሰግዳል፣ ቁርስ ያለው ቁርሱን ይበላል። ታክሲ ሲመጣ ሁሉም በየድንጋዩ አጠገብ ይቆምና ተራው ሲደርስ ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ይገባል። የሰው ድንጋይ የሚነካ አልነበረም። ዛሬ ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ተረት የማወራ ይመስላቸዋል፤ የዕድሜ እኩዮቼ ግን የየቤታቸውን ድንጋይ መልክ ሳይቀር ያስታውሱታል።

የእኛ ድንጋይ ቀዳዳ የበዛበት ጥቁር ድንጋይ ነበር። አባየ በኖራ አንድ መስመር አስምሮበታል። አባየ ከአሰላ በዝውውር የመጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጫማው በክረምትም የተወለወለ፣ ፋይል ሲጠፋ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነበር። ሰፈርተኛው «የመዝገብ ቤቱ ድንጋይ ከመዝገብ ቤቱ ቀድሞ ሥራ ይገባል» እያለ ይቀልድበታል። ድንጋዩን የማስቀምጠው እኔ ነበርሁ፤ የመጀመሪያ ልጅ ስለሆንሁ ይህን ሥራ እንደ ሹመት ነበር የማየው።

ሰልፉን የሚመሩት እትየ ዘሐራ ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም። ወደ ወረታ ገበያ ጨርቅ ስለሚወስዱ ከሁሉም ቀድመው ይነሣሉ፤ የማን ድንጋይ የት እንደነበረም በቃላቸው ያውቃሉ። እሳቸው ያሉበት ሰልፍ ላይ ማጭበርበር አይሞከርም። አንድ ነገር ብቻ ከድንጋይ በላይ ነበር፤ ታማሚ። አንድ ሰው መጥቶ «ታማሚ አለ» ካለ ማንም ምንም ሳይጠይቅ ወደ ጎን ይላል። ምጥ የያዛት ሴት፣ ትኩሳት ያነደደው ሕፃን፣ ከዛፍ የወደቀ ጎረምሳ፣ ሁሉም እንደዚያ ሲያልፉ አይቻለሁ። እኔ ይህን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። የአገሩ ሰው ሁሉ ደግ ነው ብየ ነው ያደግሁት።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ፣ በሰኔ፣ አደባባዩ ተቆፈረ። አሮጌው አስፋልት ተፍቆ በሰፊው ሊሠራ ነው ተባለ። ለእኛ ለልጆች ትልቅ በዓል ነበር። የጠጠሩ ክምር ላይ እንንሸራተታለን፣ የሲሚንቶ ቱቦዎቹ ውስጥ ድብብቆሽ እንጫወታለን፣ የሬንጁን በርሜል ከሩቅ ከብበን ሲፈላ እናያለን። ያ የሬንጅ ሽታ ከዝናቡና ከሐይቁ ነፋስ ጋር ተቀላቅሎ በልብሳችን ላይ ይቀራል። ትልልቆቹ ግን ያማርሩ ነበር፤ ታክሲዎቹ በእኛ በኩል መምጣት አቆሙ፣ የድንጋዩ ሰልፍም ተበተነ። ከተማው መሀል ለሁለት የተከፈለ ያህል ሆነ።

በዚያው ክረምት ነው አባየ የታመመው። ሳሉ ከፋሲካ በፊት የጀመረ ቢሆንም ሁላችንም «ብርድ ነው» እንል ነበር። ሐምሌ ከተጋመሰ በኋላ እማየ ይዛው ሆስፒታል ሄደች። ሲመለሱ በሩን ዘጉ። ማታ አባየ ለብቻው ተቀምጦ በላ፤ ኩባያውም ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእኛ ኩባያዎች ተለይቶ መስኮቱ ላይ ይቀመጥ ጀመር። እማየ እኔን ጓዳ ጠርታ ትከሻየን ያዘችኝና፦

«የአባትሽ በሽታ ቲቢ ነው። መርፌውን ሁለት ወር በየቀኑ ከተወጋ ይድናል። አንድ ቀን እንኳ መቅረት የለበትም። ለሰው ግን እንዳትናገሪ። ከጠየቁሽ ብርድ ነው በይ» አለችኝ።

«ለእትየ ዘሐራም?»

«ለማንም አልሁሽ። ይህን ከሰሙ ደጃችንን የሚረግጥ የለም።»

ሆስፒታሉ ያለው በከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ለጤነኛ ሰው በእግር ብዙ አይደለም፤ ለአባየ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር፣ እማየም የጽዳት ሥራዋ ላይ ስለምትውል፣ አብሬው የምሄደው እኔ ነበርሁ። የተቆፈረውን ቦይ በተጋደመ ሳንቃ እንሻገራለን። ከዚያ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ስለሆነ በሐይቁ ዳር ዞረን፣ የታንኳ መሥሪያ ደንገል ከተከመረበት፣ ዓሣ ከሚቸረቸርበት እናልፋለን። አባየ ሦስት ቦታ ያርፋል። ሲያርፍ ያረፈ እንዳይመስል ቆሞ ሐይቁን ያያል፤ «የዛሬው ሞገድ ኃይለኛ ነው» ይለኛል። ሐይቁ ጸጥ ያለ ቀንም እንደዚሁ ይለኝ ነበር። የሚያውቀው ሰው ሲያገኘው ሳሉን ውጦ ሰላምታ ይሰጣል፣ ሰውየው ካለፈ በኋላ ደግሞ ግንብ ይዞ ይጎነበሳል። መርፌ የምትወጋው ነርስ በነሐሴ መጀመሪያ «ከእንግዲህ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ልጆችዎን ማቀፍ ይችላሉ» አለችው። ያን ቀን ስንመለስ እጄን ይዞኝ መጣ።

ቤታችን ውስጥ የሚወራው ሁሉ «መንገዱ ሲከፈት» ሆነ። አባየ በእግሩ እየሄደ፣ በዝናብ እየተደበደበ እንዴት እንደሚድን ለእማየ አልገባትም ነበር። አንዳንድ ቀን ልብሱ ከላዩ ላይ ሳይደርቅ ነበር የሚያድረው። መንገዱ ሲከፈት ግን ታክሲ ይመጣል፣ አባየም ቁጭ ብሎ ሄዶ ቁጭ ብሎ ይመለሳል፣ የቀረውን መርፌ ሳይደክም ይጨርሳል። በጸሎቷም ውስጥ መንገዱን ስትጠራው ሰምቻታለሁ።

በነሐሴ ማለቂያ የመክፈቻው ቀን ተነገረ። በመክፈቻው ዕለት ገና ሳይነጋ ድንጋያችንን ወስጄ በአዲሱ አስፋልት ዳር፣ እትየ ዘሐራ ካስቀመጡት ቀጥሎ አኖርሁ። ሁለተኛ ነበርን። እየሮጥሁ ገብቼ «አባየ፣ ሁለተኛ ነን» ስለው ሳቀ። እማየ ሸሚዙን ተኩሳለት ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከአባየ ጋር ስንደርስ ድንጋዮቹ የሉም። እንግዶች ስለሚመጡ የመንገድ ሠራተኞቹ ቦታውን ሲያጸዱ ሁሉንም በአካፋ አንሥተው ከፍርስራሹ ጋር መኪና ላይ ጭነዋቸዋል። ከሌላ አገር የመጡ ሠራተኞች ነበሩ፤ በምን ይወቁት? አንዱን ሄጄ ብጠይቀው «የቱ ድንጋይ?» ብሎ ግራ ገባው። ሪባን እስኪቆረጥ፣ ንግግር እስኪያልቅ ረፋዱ አለፈ። መርፌ ክፍሉ ከስድስት ሰዓት በኋላ እንደሚዘጋ፣ ከእንግዲህ በእግር ብንሄድም እንደማንደርስ እኔም አባየም እናውቃለን። የመጀመሪያው ታክሲ ሲመጣ ሰው ሁሉ «የእኔ ድንጋይ ከፊት ነበር» እያለ ተጋፋ። እትየ ዘሐራ እንኳ ሰሚ አጡ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሞልቶ ሄደ። አባየ ለመጋፋት ሞክሮ ነበር፤ አንድ ክንድ ደረቱን ሲገፋው ሳሉ ተነሣበት፤ ወጥቶ ገና ያልደረቀ ጥቁርና ነጭ ቀለም የተቀባው የመንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የተተኮሰ ሱሪውን ቀለም ነካው። እሱ ደግሞ እንዲህ ባለ ቦታ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም።

ሦስተኛው ታክሲ ሲመጣ ፀሐይዋን አየሁ፣ አባየን አየሁ፣ ከዚያ የሰልፉ ሕግ ትዝ አለኝ። ለምን እስካሁን እንዳላሰብሁት ራሴን ታዘብሁት። በሰው መሀል ገብቼ ጮህሁ።

«ታማሚ አለ። አባየ ታሟል።»

ሰው ዞረ። እትየ ዘሐራ አባየን ካለበት አይተው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ጋሽ ታደሰን ነው? ብርዱ ጠናበት እንዴ ልጄ?»

አዎ ብየ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ብርድ ላለበት ሰው ቦታ የማይለቁ መሰለኝ።

«ብርድ አይደለም፣ ቲቢ ነው። ዛሬ ካልተወጋ ይሞታል።»

ሰው ሁሉ ቦታ ለቀቀ። እንደለመድሁት ጠጋ ጠጋ ብሎ ሳይሆን፣ ርቆ ለቀቀ። ነጠላ ያላት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እትየ ዘሐራ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ኋላ ሳቡት። ታክሲው ውስጥ ቀድመው የገቡት አምስት ስድስት ሰዎች አንድ በአንድ ወረዱ፤ አንዱ ሰውየ ሲወርድ አባየን «ይቅርታ ጋሼ» አለው። ረዳቱ በሩን ይዞ ሹፌሩን ያያል፣ ሹፌሩም መሪውን ያያል። በመጨረሻ ሹፌሩ «ይግቡ፤ መስኮቱን ግን ሁሉንም ክፈቱት» አለ።

አባየ ሌላ ታክሲ የሚጠብቅበት ሰዓት ስላልነበረው ተነሥቶ ገባ። በአዲሱ አስፋልት ላይ ሁለታችን ብቻ፣ ባዶ ወንበሮች መሀል፣ ነፋሱ በየመስኮቱ እየገባ ሄድን። ምንም ሳንንገራገጭ ነበር የሄድነው። አባየ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት እያየ ተቀምጧል። ግማሽ መንገድ ላይ ኮቱን አውልቆ ትከሻየ ላይ አደረገልኝና «ይበርድሻል» አለኝ።

ወሬው እማየ ዘንድ ከእኛ በፊት ደርሶ ኖሯል። ማታ በጥፊ መታችኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መትታኝ አታውቅም። አባየ «ተያት፤ ልጂቱ ያልሆነ ነገር አልተናገረችም» አላት። ምነው በተቆጣኝ ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ ድረስ።

በማግስቱ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጫማውን አድርጎ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። እማየ ስታጣድፈው «ዛሬ ደኅና ነኝ» አለ። በሚቀጥለው ቀን በእግሩ፣ በሐይቁ ዳር፣ ብቻውን ሄደ። ልከተለው ስነሣ እንድቀር በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ጥቂት ቀን እንደዚያ ሄደና ተወው። እማየ ለመነችው፣ አለቀሰችበት፣ የነፍስ አባቱን አስመጣችበት። እሱ ሳሉ ቀንሶለት ስለነበር ድኛለሁ አለ። እንዳልዳነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ያቺን ታክሲ ዳግመኛ ለመሳፈር አቅም እንዳጣም እናውቅ ነበር። እትየ ዘሐራ በየሳምንቱ ወተት ያመጡልን ነበር፤ ጣሳውን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው፣ ከውጭ ጠርተው፣ እኛ ሳንወጣ ይሄዳሉ። በሽታው በጥር ተመልሶ መጣና በመጋቢት አባየን ቀበርነው። ከሁለቱ ወር መርፌ የቀረው የሦስት ሳምንቱ ብቻ ነበር።

እነሆ አሁን ያው አደባባይ እንደገና ተቆፍሮ፣ እንደገና ሰፍቶ፣ በዚህ ሳምንት ተከፈተ። የብስክሌት መንገድ አለው፣ መብራት አለው፣ ታክሲውና ባጃጁም ወደ ቦታው ተመልሷል። ድንጋይ የሚያሰልፍ የለም፤ ፊሽካ የያዘ ተራ አስከባሪ አለ። ሰውም ተለውጧል። ስኳር አለብኝ፣ ግፊት አለብኝ ብሎ ከማያውቀው ሰው ጋር ሰልፍ ላይ የሚያወራ ሞልቷል። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ባልደረባ አለኝ፤ ክኒኑን ከእኛ ጋር ተቀምጦ ነው የሚውጠው። እሱን ባየሁ ቁጥር ደስታም ቅናትም ይሰማኛል።

ትናንት እማየን ሐኪም ቤት ልወስዳት ከዚያው አደባባይ ታክሲ ልንይዝ ወጣን። ልቧ ደክሟል፣ እግሯ አብጧል፣ ሰልፉ ደግሞ እስከ ባንኩ በር ድረስ ነበር። ተራ አስከባሪው፣ ልጄ የሚሆን ወጣት፣ አየንና መጣ።

«እናቴ፣ ታማሚ ነዎት? ይምጡ፣ ከፊት ላስገባዎት» አላት።

እማየ የእጄን አንጓ ያዘችኝ። ያን ያህል ጉልበት የቀራት አይመስለኝም ነበር።

«የለም ልጄ፣ ደኅና ነኝ» አለችው። «ተራየን እጠብቃለሁ።»

ልጁ እውነቱን ከእኔ ለመስማት ወደ እኔ ዞረ። እኔም እንዳትወድቅ በወገቧ ደግፌያት፣ እግሯ ሲንቀጠቀጥ እየተሰማኝ፣ አንድም ቃል ሳልናገር ከሰልፉ መጨረሻ ቆምሁ።